ማሰሪያው የት ነው? ረጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገርን ስለ መተንተን

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ደብተሮች ሲታረሙ ተደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ። ተማሪው በአንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ ቢጠየቅ ሁሉንም ያውቃቸዋል። ዓረፍተ ነገሩ በጠቅላላው ምን አለ ሲባል ግን ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ያልተባለ ነገር ይናገራል። እንዲህ ያለው ልጅ የቃላት እጥረት የለበትም፤ ሌላ መዝገበ ቃላት ቢገዛለትም አይረዳውም። የቸገረው ማሰሪያውን ማግኘት ነው።

ነገሩ የፈተና ነጥብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለክፍል ውስጥ ትምህርት ልተወው እችል ነበር። ነገር ግን ከአገራችን ውጭ በምንኖር ቤተሰቦች ዘንድ ልጅ ብዙ ጊዜ የቤቱ አስተርጓሚ ነው። የኪራይ ውል ሲመጣ፣ የሐኪም ወረቀት ሲመጣ፣ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመጣ «እስቲ ይቺን አንብብልኝ» የሚባለው እሱ ነው፤ «እስቲ አንብቢልኝ» የምትባለውም እሷ ናት። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ወላጆችም ከልጆቻቸው ጋር እንዲያነቡት ስል የእንግሊዝኛውን ቃላት ሁሉ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ። ተማሪዎች ግን ምሳሌዎቹን በላቲን ፊደል ወደ ደብተራችሁ ገልብጡ። ድምፁን ሰምቶ በትክክል መጻፍ ራሱን የቻለ ልምምድ ነው።

እንግዲህ አንድ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። ለዚህ ትምህርት ብዬ ያዘጋጀሁት ነው፤ ሆኖም እዚህ ናይሮቢ ቤት የተከራየ ሰው ሁሉ ወንድሙን ያውቀዋል።

«ኢፍ ዘ ቴናንት ሁ ሳይንድ ዚስ አግሪመንት ሊቭስ ቢፎር ዘ ይር ኤንድስ፣ ዘ ዲፖዚት ዛት ሂ ፔይድ ዊል ኖት ቢ ሪተርንድ አንለስ ዘ ላንድሎርድ ፋይንድስ አናዘር ቴናንት ዊዚን ሰርቲ ዴይስ።»

ቁጠሩት፤ ሠላሳ ቃል ነው። ቴናንት ተከራይ፣ ላንድሎርድ አከራይ፣ ዲፖዚት ደግሞ ማስያዣ ገንዘብ መሆኑን የማያውቅ የለም። አሁን አማርኛ ተናጋሪ በለመደው መንገድ ሲያነበው ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። በአማርኛ የነገሩ ቁልፍ ያለው መጨረሻ ላይ ነው። የድሮዎቹ የሰዋስው መምህራን የመጨረሻውን ግሥ «ማሰሪያ አንቀጽ» ያሉት በከንቱ አይደለም፤ ቀድሞ የመጣው ሁሉ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ጆሯችን መጨረሻውን ይጠብቃል። የዚህ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ግን «አናዘር ቴናንት ዊዚን ሰርቲ ዴይስ» ነው። መጨረሻውን የያዘ አንባቢ «በሠላሳ ቀን ውስጥ ሌላ ተከራይ አምጣ እያለ ነው» ብሎ ለአባቱ ይነግራል። አባትየውም ውሉ ያልጣለበትን ግዴታ ተሸክሞ ሰው ፍለጋ ይዞራል።

የእንግሊዝኛ ማሰሪያ መጨረሻ ላይ የለም። እንዴት እንደሚገኝ እንይ።

በመጀመሪያ እርሳስ ይዛችሁ ግሦቹን ብቻ አስምሩባቸው። ግሥ ስል ባለቤትና ጊዜ ያለውን ማለቴ ነው። ሳይንድ (ፈረመ)፣ ሊቭስ (ይለቃል)፣ ኤንድስ (ያልቃል)፣ ፔይድ (ከፈለ)፣ ዊል ኖት ቢ ሪተርንድ (አይመለስም)፣ ፋይንድስ (ያገኛል)። በጠቅላላው ስድስት ናቸው። «ዊል ኖት ቢ ሪተርንድ» አራት ቃል ቢሆንም አንድ ግሥ ነው፤ «ኖት» የምትባለው አፍራሽ ቃል መካከሉ ገብታ ነው እንጂ አልተከፈለም። በአማርኛ ይህን ሁሉ «አይመለስም» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለን እንጨርሰዋለን።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። «ሊቭስ» የሚለው ቃል በዚሁ አጻጻፍ የዛፍ ቅጠሎች ማለትም ነው፤ ቅጠል ብሎ የሚተረጉም ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም። «ኤንድስ»ም ጫፎች ሊሆን ይችላል። መለያው ቀላል ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ወደ ትናንት ውሰዱት። የሚለወጠው ቃል ግሥ ነው። ሊቭስ ሌፍት ይሆናል፣ ኤንድስ ኤንድድ ይሆናል፣ ፋይንድስ ፋውንድ ይሆናል። «አግሪመንት» ግን ትናንትም ዛሬም አግሪመንት ነው። ሁለተኛው ወጥመድ በ«ቱ» የሚጀምሩት እንደ «ቱ ፔይ» ያሉት፣ እንዲሁም ብቻቸውን ቆመው በ«ኢንግ» የሚያልቁት እንደ «ፔይንግ» ያሉት ናቸው። እነዚህ የራሳቸው ጊዜ የላቸውም፤ መክፈል እንደሚለው የአማርኛ ቃል ናቸውና አትቁጠሯቸው። ከፊታቸው «ኢዝ» ወይም «ዎዝ» ካለ ግን ከእሱ ጋር ተደምረው አንድ ግሥ ይሆናሉ።

ቀጥሎ አያያዦቹን ክበቡ። ኢፍ፣ ሁ፣ ቢፎር፣ ዛት፣ አንለስ። አምስት ናቸው።

ስድስት ግሥ፣ አምስት አያያዥ። ይህ አጋጣሚ አይደለም። እያንዳንዱ አያያዥ አንድ ግሥ ይዞ የጥገኛ ዓረፍተ ነገር ያደርገዋል፤ ያለ አያያዥ የሚቀረው አንድ ግሥ ብቻ ነው፤ እሱም ማሰሪያው ነው። ስለዚህ ግሦቹ ከአያያዦቹ በአንድ መብለጥ አለባቸው። የሒሳብ መምህራችን ይህን ሲሰሙ ደስ ብሏቸዋል፤ ሰዋስው ውስጥ መቀነስ ይገኛል ብለው አላሰቡም ነበር።

አሁን እያንዳንዱን አያያዥ ከግሡ ጋር እናጣምር። «ሁ» ወዲያው ከአጠገቡ «ሳይንድ»ን ይዟል፤ የፈረመ። «ቢፎር» «ኤንድስ»ን ይዟል፤ ከማለቁ በፊት። «ዛት» «ፔይድ»ን፣ «አንለስ» «ፋይንድስ»ን ይዘዋል። አስቸጋሪው «ኢፍ» ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያ ግሥ «ሳይንድ» ስለሆነ ብዙዎች «ከፈረመ» ብለው ይተረጉማሉ። ነገር ግን «ሳይንድ»ን «ሁ» ቀድሞ ወስዶታል። አንድ ግሥ ለሁለት አያያዥ አይታዘዝም። ስለዚህ «ኢፍ» ሌላው ጨርሶ እስኪዘጋ ጠብቆ «ሊቭስ»ን ይይዛል፤ ከለቀቀ ማለት ነው። በመካከል የገባው «ሁ ሳይንድ ዚስ አግሪመንት» በትልቁ ክፍል ውስጥ እንዳለ ጓዳ ነው፤ ገብተን ወጥተን መንገዳችንን እንቀጥላለን።

አያያዥ ሳይደርሰው የቀረው ማነው? «ዊል ኖት ቢ ሪተርንድ»። ማሰሪያው ይህ ነው፤ ከሠላሳው ቃል 18ኛው ላይ ይጀምርና 21ኛው ላይ ያበቃል። ባለቤቱ ማነው? ምን አይመለስም? «ዘ ዲፖዚት»። ሌላውን ሁሉ ብትሰርዙት የሚቀረው አጥንት «ዘ ዲፖዚት ዊል ኖት ቢ ሪተርንድ» ነው፤ ማስያዣው አይመለስም። የተቀረው መቼ፣ የማን፣ በምን ሁኔታ የሚለውን የሚመልስ ነው።

አሁን ሙሉውን ወደ አማርኛ ስናመጣው እንዲህ ይሆናል። «ይህን ውል የፈረመው ተከራይ ዓመቱ ከማለቁ በፊት ከለቀቀ፣ አከራዩ በሠላሳ ቀን ውስጥ ሌላ ተከራይ ካላገኘ በስተቀር የከፈለው ማስያዣ አይመለስለትም።» እስቲ የአማርኛውን ግሦች ተመልከቱ። የፈረመው፣ ከማለቁ፣ ከለቀቀ፣ ካላገኘ፣ የከፈለው፣ አይመለስለትም። «የ» አለ፣ «ከ» አለ፣ «ካል» አለ። በአማርኛ አያያዡ ግሡ ላይ ይለጠፋል። («ከማለቁ» የስም መልክ ቢይዝም ሥራው ያው ነው።) ምንም ያልተለጠፈበት አንዱ «አይመለስለትም» ብቻ ነው። «አ» እና «ም» አያያዦች አይደሉም፤ ማፍረሻ ናቸው። እንግዲህ ሒሳቡ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው። ልዩነቱ አያያዡ የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው። አማርኛ ነገሩን ሁሉ ካስነበበን በኋላ በመጨረሻ ግሡ ላይ «ከ» አድርጎ «ይህ እንኳ ሁኔታ ነበር» ይለናል። እንግሊዝኛ አያያዡን ከግሡ ነጥሎ እንደ ዘበኛ በር ላይ ያቆመዋል። «ኢፍ» የሚባል ዘበኛ ካያችሁ «የምገባበት ቤት ዋናው ቤት አይደለም» በሉና እለፉ።

እናቶችና አባቶች ይህን ከልጆቻችሁ ቀድማችሁ ልትረዱት ትችላላችሁ፤ የአማርኛችሁ ጆሮ ከነሱ የበረታ ነውና። ልጁ እንግሊዝኛውን ሲያነብ እናንተ «ማነው? ምን ሆነ? ስንት ግሥ ቆጠርክ?» እያላችሁ ብትጠይቁት ሥራው በግማሽ ይቀላል።

ስለ «ሁ» እና ስለ «ዛት» ትንሽ ልቆይ፤ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ነውና። እኛ «የፈረመው ተከራይ» ስንል ገለጻው ይቀድማል፣ ስሙ ይከተላል። እንግሊዝኛ ይገለብጠዋል፤ «ቴናንት ሁ ሳይንድ»፣ ተከራይ፣ ያ የፈረመው። ይህ አቀማመጥ ለእኛ ያን ያህል እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ግእዝ የተማሩ ዲያቆናት «ብእሲ ዘመጽአ» ሲሉ ሰው ይቀድማል፣ የመጣው ይከተላል። ልጆቻችን በየቀኑ የሚሰሙት ስዋሂሊም እንዲሁ ነው፤ «ምቶቶ አሊዬኩጃ» ማለት የመጣው ልጅ ሲሆን ምቶቶ፣ ልጁ፣ ፊት ነው። ከግቢ ውጭ ስዋሂሊ የሚጫወት ተማሪ የእንግሊዝኛውን «ሁ» በቶሎ የሚይዘው ለዚህ ይመስለኛል።

ከ«ሁ» ወይም ከ«ዛት» ቀጥሎ ግሥ ከመጣ ስሙ ራሱ አድራጊ ነው፤ «ቴናንት ሁ ሳይንድ» ሲል የፈረመው ተከራዩ ነው። ቀጥሎ ሌላ ባለቤት ከመጣ ግን ስሙ ተደራጊ ነው፤ «ዲፖዚት ዛት ሂ ፔይድ» ሲል የከፈለው «ሂ» ነው፣ ማስያዣው የተከፈለው ነው። በዚህ በሁለተኛው ዓይነት «ዛት» ልትጠፋም ትችላለች። «ዘ ዲፖዚት ሂ ፔይድ ዊል ኖት ቢ ሪተርንድ» ቢል ትክክል ነው። ያን ጊዜ ሒሳቡ ይጎድላል፤ ስድስት ግሥና አራት አያያዥ ይሆናል። አትደንግጡ። ጉድለቱ ራሱ «አንድ የተደበቀ አለ» እያላችሁ ነው። ሁለት ባለቤት የሚመስሉ ቃላት ያለ ነጠላ ሰረዝ ጎን ለጎን የቆሙበትን ፈልጉ፤ «ዲፖዚት ሂ»። የተደበቀችው በመካከላቸው ናት።

ነጠላ ሰረዝን ካነሳን ዘንድ፣ እንግሊዝኛ በዚህች ምልክት የሚሠራው ነገር በአማርኛ የለም። በሞያሌ በኩል የሄደ አውቶቡስ አስቡ። «ዘ ፓሴንጀርስ ሁ ሃድ ፓስፖርትስ ክሮስድ ዘ ቦርደር» ቢባል ድንበሩን የተሻገሩት ፓስፖርት የነበራቸው ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ቀርተዋል። «ዘ ፓሴንጀርስ፣ ሁ ሃድ ፓስፖርትስ፣ ክሮስድ ዘ ቦርደር» ቢባል ግን መንገደኞቹ ሁሉ ፓስፖርት ነበራቸው፣ ሁሉም ተሻግረዋል። በአማርኛ «ፓስፖርት የነበራቸው መንገደኞች ድንበሩን ተሻገሩ» ብንል የትኛው እንደሆነ በሰረዝ አይለይም፤ «ሁሉም ፓስፖርት ስለነበራቸው» ብለን መዘርዘር ይኖርብናል። ወንድሙ ከአውቶቡሱ ላይ የነበረበት ሰው ለሁለት ሰረዞች ምን ያህል እንደሚጨነቅ አስቡት። ተማሪዎቻችን ግን ሰረዝን እንደ ጌጥ ይበትኑታል።

ወደ ውላችን እንመለስ። «አንለስ» የምትለዋ ቃል ገንዘብ ያለባት ናት። ትርጉሟ «ካል...በስተቀር» ነው፤ በውስጧ አሉታ ተሸክማለች። ከእሷ በፊት «ኖት» ስላለ ሁለት አሉታ ተገናኝተው በር ይከፍታሉ። አከራዩ በሠላሳ ቀን ሌላ ሰው ካገኘ ገንዘቡ ይመለሳል ማለት ነው። «አንለስ»ን «ኢፍ» ብሎ የሚተረጉም ልጅ ነገሩን ፍጹም ይገለብጠዋል፤ ሌላ ተከራይ ከተገኘ ገንዘቡ አይመለስም ይላል። «ኖት ቢ ሪተርንድ» የሚለው ላይ ደርሶ ንባቡን የሚያቆም ደግሞ በሩ መኖሩን ሳያውቅ ይቀራል። ቤተሰቡም የአንድ ወይም የሁለት ወር ኪራይ ሳይጠይቅ ይተዋል።

የጊዜውንም ነገር አስተውሉ። ሁሉም ገና ወደፊት የሚሆን ነው፤ ሆኖም «ዊል» ያለው ማሰሪያው ላይ ብቻ ነው። ሊቭስ፣ ኤንድስ፣ ፋይንድስ የአሁን ጊዜ መልክ ይዘዋል። እኛ በዚህ ቦታ «ከለቀቀ»፣ «ካላገኘ» እያልን የኃላፊ ጊዜ መልክ እንጠቀማለን። ሁለቱም ቋንቋዎች በ«ኢፍ» ቤት ውስጥ የወደፊቱን መልክ አያስገቡም። ስለዚህ «ኢፍ ሂ ዊል ሊቭ» ብላችሁ የምትጽፉ በዚህ ዓመት ይብቃችሁ።

«ዊል» በሚለው ፈንታ «ሜይ» ቢኖርስ? «ሜይ ኖት ቢ ሪተርንድ» ላይመለስ ይችላል ማለት ነው፤ ሊመለስም ይችላል። በአንዲት ረዳት ግሥ የአንድ ውል ክብደት ይለወጣል። በታሪክ ክፍል የተማራችሁትን የውጫሌን ውል አስታውሱ። በ1881 ዓ.ም. ሲፈረም የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በኢጣሊያ መጠቀም እንደሚቻላቸው ሲናገር፣ የኢጣሊያንኛው ቅጂ እንደ ግዴታ ሆኖ ተወሰደ። ከዓድዋ በፊት ክርክሩ የነበረው በአንድ ግሥ ላይ ነበር።

በመጨረሻ «ዊዚን ሰርቲ ዴይስ» ቀረች። ግሥ የላትም፤ ስለዚህ የጥገኛ ዓረፍተ ነገር አይደለችም፣ ሐረግ ናት። የምትገልጸው በአቅራቢያዋ ያለውን «ፋይንድስ»ን ነው፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ የሚፈለገው አከራዩ ሰው ማግኘቱ እንጂ ገንዘቡ መመለሱ አይደለም። ከዚህ ሌላ ትንተናው አንድ ጉድለት ያሳየናል። ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ተከራዩ እለቃለሁ ካለበት ቀን ነው ወይስ ቁልፍ ካስረከበበት? ሠላሳውን ቃል ከላይ እስከ ታች ብትፈትሹት መልስ የለም። አስተርጓሚ የሆነ ልጅ ለአባቱ «እዚህ ላይ አልተጻፈም፤ ከመፈረምህ በፊት ጠይቀውና ይጻፍልህ» ሊል ይገባዋል። ይህን ያለ ልጅ ዓረፍተ ነገሩን በእርግጥ ተንትኖታል።

ለዕረፍት ጊዜ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ሰጥቻለሁ። መልሱን ከማየታችሁ በፊት በእርሳስ ሞክሩ።

አንደኛ፦ «ዘ ለተር ዛት ዘ ስኩል ሰንት ሴይስ ዛት ክላሲስ ስታርት ኦን መንደይ።»

ሁለተኛ፦ «ዘ ሜዲሲን ዘ ዶክተር ጌቭ ኸር ሹድ ኖት ቢ ቴከን ኢፍ ሺ ሃዝ ኖት ኢትን።»

ሦስተኛ፦ «ዘ ማን ሁ ሶልድ ሚ ዘ ፎን ሴድ ሂ ዉድ ሪፔር ኢት ኢፍ ኢት ብሮክ ቢፎር ክሪስማስ።»

በአንደኛው ሦስት ግሥና ሁለት አያያዥ አለ፤ ማሰሪያው «ሴይስ» ነው፤ ደብዳቤው ይላል። ሁለቱ «ዛት» ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዋ ስም ትከተላለች፣ «የላከው» ትባላለች። ሁለተኛዋ ግሥ ትከተላለች፣ «እንደሚጀመር» ትባላለች።

ሁለተኛው ሦስት ግሥ ይዞ አያያዡ «ኢፍ» ብቻ ነው። የጠፋችው «ዛት» በ«ሜዲሲን» እና በ«ዘ ዶክተር» መካከል ናት። ማሰሪያው «ሹድ ኖት ቢ ቴከን» ነው፤ ሐኪሙ የሰጣት መድኃኒት ምግብ ካልበላች መወሰድ የለበትም። «ሐኪሙ መድኃኒቱን መውሰድ የለበትም» ብሎ የተረጎመ ካለ ባለቤቱን እንደገና ይፈልግ።

ሦስተኛው አራት ግሥና ሁለት አያያዥ ያለው ሲሆን ማሰሪያው «ሴድ» ነው፤ የተደበቀችው «ዛት» ከእሱ ቀጥላ ነበረች። «ቢፎር ክሪስማስ» ግሥ ስለሌላት «ቢፎር»ን ከአያያዦች ጋር አትቁጠሯት። እዚህ ግን ሰዋስው ብቻውን የማይፈታው ጥያቄ ይነሣል። ከገና በፊት ያለው ምኑን ነው? ስልኩ ከገና በፊት ከተሰበረ እጠግናለሁ ነው ያለው፣ ወይስ ከተሰበረ ከገና በፊት ጠግኜ እሰጣለሁ? በቅርበት ካየነው «ብሮክ» ይቀድማል፤ ገዢው ግን ሻጩን ቢጠይቀው ይሻላል። የትኛውን ገና ማለቱ እንደሆነም አብሮ ይጠይቀው፤ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 25 እና በእኛው ታኅሣሥ 29 መካከል 13 ቀን አለ።